ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ መስመር

ሰቆጣ ገበያ አጠገብ፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ ጥልፍ ስጠልፍ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በረንዳው የሱቁ ባለቤት ንብረት ነው። ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ድሮ የሚሸጡት ጨርቅና ክር ብቻ ነበር፤ በኋላ ባትሪና የእጅ መብራት ጨመሩ፣ ከዚያ ስልክ።

አንድ የጥቅምት ጠዋት ከሱቃቸው ወጡና አንድ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ ነገር ከክሮቼ መሃል አስቀመጡ።

"ምንድን ነው ሐጂ?"

"ስልክ ነው።"

"ይኼ ሁሉ?"

"ይኼ ሁሉ። እስክሪብቶም አለው።" ከግርጌው ጫን ሲያደርጉት ቀጭን ብዕር ብቅ አለች። "ደሴ ያለው ደንበኛዬ ነው የላከልኝ። ጥሩ ከሆነ ሌላም እልካለሁ ይላል። ለእኔ ስልክ ማለት ይደውላል፣ ይነሳል፤ በቃ። አንቺ ግን ቀኑን ሙሉ ስትነድፊ ነው የምትውዪው። ሁለት ሳምንት ያዢውና ይረባል አይረባም ንገሪኝ።"

"ብሰብረውስ?"

"አትሰብሪውም" አሉና ተመልሰው ገቡ።

የእኔ ሥራ ከመርፌው በፊት በእርሳስ ነው የሚጀምረው። ደንበኛዬ የምትፈልገውን ትነግረኛለች፤ ወረቀት ላይ እነድፈዋለሁ፤ ከሥሩ ካርቦን አድርጌ ወደ ጨርቁ አሻግረዋለሁ። መኪናዋ የምትነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሐጂ የሰጡኝን ነገር እንደ እርሳስ ልፈትነው ተነሳሁ፤ የታዘብኩትንም እንዳይጠፋኝ ደብተር ላይ እጽፍ ጀመር።

ከባድ ነው ብዬ ጻፍኩ። አንድ እጅ አይበቃውም። ኪስ ውስጥ አይገባም፤ በነጠላዬ ጫፍ ስቋጥረው ይጎትተኛል። ፀሐይ ሲመታው ከጣቴ አሻራ በቀር የሚታይ ነገር የለም፤ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ስጨምረው ይታያል፣ ያን ጊዜ ግን ባትሪውን ይበላል። ፎቶው እጅግ ያምራል፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ያምራል። ቀዩን ክሬን ፎቶ አንስቼ ምስሉን ካየሁ በኋላ ወደ ክሩ ስመለስ ክሩ የደበዘዘ መሰለኝ። ይኼንንም ጻፍኩት።

ስለ ብዕሯ ግን ምን እንደምጽፍ አላወቅሁም። መጀመሪያ አልወደድኳትም። መስታወት ላይ ትንሸራተታለች፤ እርሳስ ወረቀት ሲነካ የሚያሰማው ኮሽታ የላትም። ጫን ስላት መስመሯ ይወፍራል፣ እጄን ሳቀለው ይቀጥናል። ጫፏ መስታወቱን ገና ሳይነካ ከሥሯ ትንሽ ነጥብ ብቅ ትላለች፤ እጄ ያሰበውን ቀድማ የምታውቅ ይመስል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው እጄ በራሱ መሄድ ጀመረ። ለአንድ ቀሚስ ደረት የሚሆን ሐረግ ጀምሬ ነበር። ወረቀት ቢሆን ዳር ላይ ያልቃል፤ ይኼ ግን ዳር ሲደርስ በሁለት ጣቴ ገፋ አደርገዋለሁ፣ ሌላ ባዶ ቦታ ይመጣል። ሐረጉ ከደረቱ አለፈ፣ ከእጅጌው አለፈ፣ ቀሚሱን ጨርሶ ወጣ። ገበያው ከፊቴ ይንጫጫል፤ ፍየል ይነዳል፣ ማሽላ ይሰፈራል፤ ድምፁ ሁሉ ከወንዝ ማዶ የሚመጣ ያህል ርቆብኝ ነበር። ቀና ስል አንዲት ደንበኛዬ ጨርቋን ታቅፋ ቆማለች።

"ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ሦስት ጊዜ እኮ ጠራሁሽ!"

አልሰማሁም ነበር። ዓይኔን ስጨፍን እንኳ መስመሩ ከውስጥ ይቀጥላል። የዚያን ቀን ደብተሬ ላይ ምንም አልጻፍኩም።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ስልኩን ይዤ ወደ አምደወርቅ ሄድኩ። እዚያ አክስቴ አሉ፤ የእናቴ ታላቅ። እርሳስ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። በደህና ዘመናቸው በእጅ ጥልፍ የደሃና ወረዳ ሴቶች ሁሉ የሚያውቋቸው ነበሩ፤ ከስድስት ዓመት ወዲህ ግን ዓይናቸው ፈዞ መርፌ አስቀምጠዋል። የዓይን ሞራ ነው፣ በየጊዜው ሰቆጣ ሆስፒታል በሚመጡ ሐኪሞች ይገፈፍልዎታል ተብለው ነበር። እሳቸው ግን "ዓይኔን በብረት ማንም አይነካውም" ብለው እንቢ አሉ። እኛም ለምነን ለምነን ተውናቸው።

በሚኒባሱ መስኮት በኩል የተራራውን ጫፍ ጫፍ ይዤ አንዲት መስመር መሳብ ጀመርኩ። መኪናው ሲነጥር መስመሬም ይነጥራል፤ ተራራውም ወጣ ገባ ስለሆነ ስህተቱ አልታወቀብኝም። አዝመራው ቢጫ ሆኖ ነበር። ቀጭን ጭጋግ ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ፣ ከላይ አምባዎቹ ብቻ በአየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። አጠገቤ የተቀመጡት አንድ ገበሬ አንገታቸውን ዘለግ አድርገው ሲያዩ ቆዩ።

"ያ የኛ ተራራ አይደለም?"

"ነው፣ አባቴ።"

"ቤቴ ከጀርባው ነው። ከዚህ አይታይም።" ጣታቸውን ከመስመሩ ኋላ ጠቆሙና "እስኪ እዚያ ጋ ነጥብ አድርጊልኝ" አሉኝ።

ከተራራው ጀርባ አንዲት ነጥብ አደረግሁላቸው። እስኪወርዱ ድረስ እሷን ሲያዩ ነበር።

አክስቴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እንደ ልማዳቸው በመጀመሪያ ጉንጬን፣ ከዚያ ትከሻዬን ዳሰሱ። የእሳቸውና የእኔ ወሬ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ነው።

"ምንድን ነው እጅሽ ላይ ያለው? መስታወት ነው?"

"ስልክ ነው እቴቴ። ይነደፍበታል።"

"በስልክ?"

ሳቁ። ላሳያቸው ብዬ ነጩን ገጽ ከፈትኩት፤ ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ። "ጭጋግ ነው። ይወጋኛል፣ አርቂው።" አፍሬ ልዘጋው ስል፣ ገጹ ጥቁር መሆን እንደሚችል ትዝ አለኝ፤ ሰቆጣ ሳለሁ ለጨዋታ ያህል ሞክሬው ነበር። ከደጃፉ ብርሃን ራቅ ብለን ወደ ውስጥ ገባን። ገጹን አጠቆርኩት፤ ብዕሯን ነጭ አድርጌ አወፈርኳትና እሳቸው ራሳቸው ያስተማሩኝን የሐረግ ኩርባ አንድ ጊዜ ሳብኩት።

ስልኩን ከእጄ ወስደው ወደ ፊታቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ እንደገና አስጠጉት።

"ይታይዎታል እንዴ?"

"እዚህ ጋ ጠምዝዘሽዋል" አሉ፣ በጥፍራቸው እየነኩ። "ኩርባው እዚህ ላይ መሰበር የለበትም። እንዲህ ነው እንዴ ያስተማርኩሽ?"

ደንግጬ አየሁት። እውነትም ተሰብሮ ነበር።

ብዕሯን ሰጠኋቸው። እንደ መርፌ በሁለት ጣታቸው ጫፍ ነው የያዟት። መጀመሪያ እጃቸው መስታወቱን ፈራው፤ ቀስ እያለ ግን አረፈበት። መስመሩን ሲስቡ በሁለት ጣቴ አሰፋላቸዋለሁ፤ አንዲት ቅጠል ገጹን እስክትሞላ ድረስ ትተልቃለች፤ እሷን ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው እገፋላቸዋለሁ። ከደጅ የንብ ድምፅ ይሰማል። ቤቱ ደብዝዟል፤ ፊታቸው ላይ የሚያርፈው ያ ነጭ መስመር ብቻ ነው፤ ከንፈራቸው በዝግታ ይንቀሳቀሳል፣ ድሮ ስፌት ሲቆጥሩ እንደሚያደርጉት። ልጅ ሆኜ አጠገባቸው ያንቀላፋሁባቸው ቀኖች ሁሉ አንድ ላይ ተመልሰው መጥተው የተቀመጡ መሰለኝ።

አንድ ቦታ ላይ እጃቸው ሳተ። እኔም ለመርዳት ብዬ መስመሩን አጠፋሁት።

"የት ሄደ?"

"ተበላሽቶ ነበር፤ አጠፋሁልዎት።"

"አታጥፊብኝ። የተሳሳትኩትን ካላየሁ በምን አስተካክለዋለሁ?"

ከዚያ በኋላ ምንም አላጠፋሁም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደገና ተቀመጡ። ሐረጉ መስቀል ሆነ፤ ከመስቀሉ አራት ቅርንጫፍ ወጣ፤ ሦስቱን ጨረሱ። በአራተኛው መሃል ስልኩ ጨለመ። ከቅዳሜ ጀምሮ መብራት አልነበረም።

አክስቴ ብዕሯን ከጨለማው መስታወት በላይ እንደያዙ ቀሩ።

"ምን ሆነ? ዓይኔ ነው?"

"ባትሪው ነው እቴቴ። ዓይንዎ አይደለም።"

"ባትሪው ነው" አሉ ለራሳቸው። ብዕሯን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። እኔ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ስል፣ "ያ ሞራ የሚገፍፉት ሐኪሞች፣ አሁንም ይመጣሉ?" አሉኝ።

እንዳይደነግጡብኝ ብዬ ቀስ ብዬ ነበር የመለስኩላቸው። "በኅዳር ሰቆጣ ይመጣሉ ሲባል ሰምቻለሁ።"

"ያማል ይላሉ?"

"አላውቅም እቴቴ።"

"አላውቅም ማለትሽ ደግ ነው" አሉ። በማግስቱ አብረውኝ ሚኒባስ ተሳፈሩ።

ሐጂ ውጤቱን ሲጠይቁኝ ደብተሬን ከፍቼ አነበብኩላቸው፤ ክብደቱን፣ ፀሐዩን፣ ባትሪውን፣ ከልክ ያለፈውን ፎቶ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

"እንግዲህ ይረባል ወይስ አይረባም?"

"ለመደወል ብቻ ለሚፈልገው ሰው አይረባም፤ ትንሹም ይደውላል። ለእኔም እርሳሴ ይበቃኛል፤ በስልኩ ስሠራ ሰው ሲጠራኝ እንኳ አልሰማም። ለአክስቴ ግን፣ ሐጂ…" ብዬ የሆነውን ነገርኳቸው። አክስቴ ያን ሰዓት በረንዳው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ወደ ገበያው ድምፅ ፊታቸውን አዙረው ነበር።

ሐጂ አዩዋቸው። ያቀበልኳቸውን ስልክ መልሰው ለእኔ ሰጡኝ።

"ለደሴው ሰውዬ ገና እየፈተሽነው ነው እለዋለሁ።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪታከሙ ነዋ።"

እንዲህ ሆኖ ሦስት ሳምንት አክስቴ በረንዳው ላይ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ ነጠላቸውን እንደ ድንኳን ከራሳቸው ላይ ዘርግተው፣ ከሥሩ ሲነድፉ ዋሉ። አራተኛውን ቅርንጫፍ ጨረሱ። እኔ መኪናዬን እረግጣለሁ፣ እሳቸው ከነጠላው ውስጥ ሆነው "መርፌሽ ፈጠነ፣ ክሩን ትበጥሺዋለሽ" ይሉኛል። በድምፁ ብቻ ነው የሚያውቁት። ስልኩን ለሐጂ ከመመለሴ በፊት ስስ ወረቀት መስታወቱ ላይ አልብሼ፣ እንዳልጭረው እየፈራሁ፣ ከሥር የሚበራውን መስመር በእርሳስ ተከተልኩት። በጥር ለአንዲት ሙሽራ ጠለፍኩት። ስልኩን ሐጂ ለመሬት ቀያሽ ሸጡት መሰለኝ፤ አሁን የት እንዳለ አላውቅም።

ሕክምናው የደረሰው በኅዳር አጋማሽ ነበር። አክስቴ ያን ቀን አጥንቴን እስኪያመኝ ድረስ እጄን ጨብጠው ነበር። ከዝቋላ ወረዳና ከሰቆጣ ዙሪያ በእግራቸው የመጡ ብዙ ሽማግሌዎች በሆስፒታሉ ግቢ ተራ ይጠብቁ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ፈታችላቸው። ዓይናቸውን ቶሎ አልከፈቱም። ሲከፍቱ ቀድሞ ያረፈው እኔ ላይ ነው።

"ውይ! ሽበት አወጣሽ እኮ!"

እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ነጠላዬን ያዝ አድርገው ጠርዙን ተመለከቱ፤ ከዚያ የግቢውን ዛፍ፤ ከዚያ የራሳቸውን እጅ፣ ገልበጥ አድርገው ከፊትም ከኋላም። "አሮጊት ሆኛለሁ" አሉ፣ በመደነቅ እንጂ በኀዘን አልነበረም። እጄን ልሰጣቸው ስል አልተቀበሉኝም። ብቻቸውን ቀስ እያሉ ግቢውን አቋረጡ፤ እኔ ከኋላ ተከተልኳቸው። ግንቡ ሥር የሚጠብቁት ሰዎች ጋ ሲደርሱ ቆሙና አንድ በአንድ ፊታቸውን አዩ።

"አይዟችሁ፣ አያምም" አሏቸው በኽምጣኛ።

ጥቂት አሰቡና "ትንሽ ያማል" ብለው ጨመሩላቸው።