አባቴ ኤግዚቢሽን ላይ

የእኔ እንጀራ ኤግዚቢሽን ነው። ላስ ቬጋስ ከገባሁ ጀምሮ በትልልቅ አዳራሾች ውስጥ የነጋዴዎችን ማሳያ፣ ቡዝ የሚሉትን፣ ስተክልና ስነቅል ኖሬአለሁ። በ2020 በኮቪድ ምክንያት አዳራሹ ሲዘጋ ግን እጃችንን አጣጥፈን ቤት ተቀመጥን፤ እኔ፣ ኮሌጅ የምትማረው ልጄ፣ ሊጠይቁን መጥተው ወረርሽኙ ያስቀራቸው አባቴ። አፓርታማችን ለሦስት ሰው ትጠባለች፣ በተለይ አንዱ እንደ አባባ ሥራ የፈታ ሲሆን። አባባ ዕድሜ ልካቸውን ሸማኔ ናቸው። እጃቸው ባዶ ሲሆን ሶፋው ላይ ይቁነጠነጣሉ፣ እኔን ይነዘንዙኛል።

ልጄ ያን ጊዜ በኮምፒውተር የምትማረው ስለ እንግሊዞች ኤግዚቢሽን ነበር። ለንደን ላይ የመስታወት አዳራሽ ሠርተው የዓለሙን ዕቃ ሰብስበው አሳዩ። እሱስ ይሁን፤ ኋላ ሰው አመጡ እንጂ! ከቅኝ ግዛቶቻቸው፣ ከጎረቤታችን ከሶማሌ ምድር ሳይቀር፣ ሰው ወስደው የውሸት መንደር ሠሩና አጥር አጠሩበት። ሕዝቡ ትኬት እየቆረጠ ሲያበስሉ፣ ሲሸምኑ፣ ልጅ ሲያጠቡ ያያል። ፎቶውን ስታሳየኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ከምን የመጣ ሙያ ይዤ እንደኖርኩ ገረመኝ።

በ2021 ሰኔ ላይ አዳራሹ ሲከፈት አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሸማኔ መሆናቸውን ከእኔ ሰምቶ አባባን ለአንድ ቀን ፈለጋቸው፤ ሰው ፊት እንዲሸምኑ። አባባ ጮቤ ረገጡ። ልጄ ግን፣ «አባባን ሰው ቆሞ እንዲያየው? ኖ! እኔ አልመጣም፣ አላይም» አለች። ለክብራቸው ብላ ነው። እሳቸው ግን ቅስማቸው ተሰበረ። «ልጅቱ እኮ ሥራ ስሠራ አይታኝ አታውቅም። ለሷ እኔ ሶፋ ላይ የተጎለተ ሽማግሌ ነኝ። አንድ ቀን ብታየኝ ምን አለበት?» አሉኝ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ነው የሚሠራው፤ የሲሚንቶ ወለል ደግሞ ጉድጓድ አይቆፈርበትም፤ ስለዚህ ነጋዴው ያመጣውን የሽመና ዕቃ ተክዬ፣ መቀመጫቸውን በእንጨት ከፍ አድርጌ የእግር ማስገቢያ ሠራሁላቸው። ነጋዴው ዙሪያውን ገመድ ወጠረ፤ ለኮቪድ ርቀት ነው አለኝ። ሰዉ ማስኩን አድርጎ፣ ስልኩን ደግኖ፣ ከገመዱ ወዲያ ተገተረ። አባባ መወርወሪያውን ያዝ አድርገው፣ «ምነው፣ የሚሠራ ሰው ላይ ቆመው በርታ እንኳ አይሉም?» አሉኝ። ደሜ ፈላ። ያ የፎቶው አጥር ፊቴ ድቅን አለ። በቃ፣ ይዣቸው ልሄድ ስል ያችን አልመጣም ያለች ልጄን ከሕዝቡ መሀል አየኋት።

በገመዱ ሥር ሾልካ ገባች። ከአባባ ጎን፣ ፊቷን ወደ ሰዉ አዙራ ተቀመጠችና አንድ በአንድ ታፈጥባቸው ጀመር። አንዱ ስልኩን አወረደ፣ ሌላዋ አቀረቀረች። እሰይ የኔ አንበሳ! አልኩ በልቤ።

አባባ ግን ዓይናቸውን ከድሩ ሳይነቅሉ በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። «ተያቸው እነሱን። ዙሪና እኔን እዪኝ።»