ለምንጩ የተጠራ ዋስ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነውን ሰዎች አስቀድሜ እዘረዝራለሁ። ስም ግን አልጽፍም፤ የሰው ስም በወረቀት ማስፈሬ ምን እንዳመጣ አይቻለሁ።

መጀመሪያ የበኩር ልጄ፤ ያን ጊዜ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ቀጥላ የጎረቤታችን የመበለቲቱ ልጅ፤ ከእሱ በሁለት ዓመት የምታንስ፣ ሰው ፊት መናገር የማትፈራ። ከዚያ ጭቃ ሹሙ፤ ጣልያን ሲገባ ከሹመቱ ያልነቀለው፣ እሑድ እሑድ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ የአጥቢያውን አቤቱታ የሚሰማ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የንስሐ አባቴ ቄስ ነበሩ። አምስተኛው ሸማኔው ነው፤ ቤቱ ከቤቴ ጋር አጥር ለአጥር ነበር። መጨረሻው እኔ ነኝ፤ ገበሬና የሸንጎው ጸሐፊ። ፊደል ያስተማረኝ ሰው የለም። ዳዊትን በቃሌ አውቀው ስለ ነበር መጽሐፉን ከፍቼ የማውቀውን ቃል ከፊደሉ ጋር እያስተያየሁ በሁለት ክረምት ለየሁት። ከዚያ ወዲህ በጽሕፈቴ እኮራ ነበር፤ ኩራት ኃጢአት መሆኑን ለሌላው እየመከርሁ።

አጥቢያችን ከሮብ ገበያ ቁልቁል፣ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደውን መንገድ ተጠግቶ ነው። ጣልያን ከምንጫችን በላይ ባለው ጉብታ ላይ ምሽግ ሠራ። በበጋ ከዚህ ምንጭ ሌላ ውኃ የሚገኘው ገደሉን ወርዶ ከወንዙ ነው። ወታደሮቹ ጠዋት በቅሎዎቻቸውን ከምንጩ ያጠጡ ጀመር። መጀመሪያ በሴቶቹ ይስቁ ነበር። ቆይተው እንስራ መስበር ያዙ። በዐቢይ ጾም አንዲት ሙሽራ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ እስከ እኩለ ቀን ሳትመለስ ቆየች። ስትመለስ እንስራዋ በጀርባዋ ሙሉ ነበር፤ ለማንም ግን አንዲት ቃል አልተናገረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቶች ወደ ምንጩ የወረዱትን ልጆች በር ላይ ቆመው ይቆጥሩ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጄና የመበለቲቱ ልጅ ከሸንጎው ፊት ቆሙ። ዐሥር የሚሆኑ እኩዮቻቸው ከኋላቸው ነበሩ። እኔን አላማከሩኝም።

«ምን ሆናችሁ?» አለ ጭቃ ሹሙ።

«ምንጩን ነው፣ ጌታዬ» አለ ልጄ። «ጠዋት ሴቶቹ ቀድተው እስኪመለሱ ወታደር እንዳይወርድ ለምሽጉ አዛዥ ይንገሩልን። እኛም ተራ ገብተን እናጅባቸዋለን።»

«በምን ልታጅቡ? በዱላ?»

«ወንዶቹ ባዶ እጃቸውን ይምጡ» አለች ልጅቱ። «ሰው እያየው ክፉ የሚሠራ ጥቂት ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቀ። «አንቺ ደግሞ መቼ ነገረ ፈጅ ሆንሽ?»

«እንስራውን አንድ ቀን ይሸከሙልኝ፣ አባባ፤ ዝም እላለሁ።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ በዓይኔ ገሠጽኋት።

ቄሱ እጃቸውን አነሡ። «ልጆቹ ያሉት እውነት ነው። ለአዛዡ በቃል እንንገረው፤ ወረቀት አያስፈልግም።»

ያን ጊዜ እኔ ተናገርሁ። በአገራችን ሥርዓት ከሸንጎ የቆመ ሰው ዋስ ይጠራል። ባለ ነገሩ ቢዋሽ ወይም ቢጠፋ ዋሱ በእሱ ፈንታ ይያዛል፤ ዋሱ ቢጠፋ ደግሞ ባለ ነገሩ። «ያለ ዋስ የመጣ ነገር ወሬ ነው፣ አባቴ» አልኋቸው። «ልጄም ቢሆን ዋስ ይጥራ። ከዚያ በሥርዓቱ ጽፈን እንወስዳለን።» ለልጄ ስላላደላሁ ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ልጄ ዙሪያውን ተመለከተ። ማንም አልተነሣም። አባት ለልጁ ዋስ አይሆንም፤ ጸሐፊም ለሚጽፈው ነገር ዋስ አይሆንም፤ እኔ በሁለቱም ነፃ ነበርሁ። በመጨረሻ ከኋላ ሸማኔው ተነሣ።

«ለሁለቱም እኔ ዋስ ነኝ።»

«ሸማኔ ለገበሬ ልጅ ዋስ ሲሆን ዛሬ አየሁ» አለ አንዱ።

«ያን ጋቢ ስትለብስ ሸማኔ መሆኔን ረስተኸው ነበር» አለው።

የሁለቱን ልጆች ስም፣ ከሥሩም የእሱን ስም ጻፍሁ። ማክሰኞ ጭቃ ሹሙ፣ ቄሱና እኔ ወደ ምሽጉ ወጣን። አስተርጓሚው ወረቀቱን አነበበ። አዛዡ አንዷን ቃል አላወቃትም፤ አስተርጓሚው ዋስ ምን እንደ ሆነ ቆሞ አስረዳው። አዛዡ እንደገና እንዲያነብለት አደረገና የሸማኔውን ስም ከራሱ መዝገብ ላይ ጻፈ።

«መልካም ሥርዓት አላችሁ ይላል» አለን አስተርጓሚው። «ጠዋት ጠዋት ምንጩ የእናንተ ነው። ይህ ሰው ደግሞ ለአጥቢያው ሁሉ ዋስ ነው። በአጥቢያው በኩል ለሚደርስብን ክፉ ነገር የሚጠየቀው እሱ ነው።»

የሁለት ልጆች ቃል ዋስ እንጂ የአጥቢያ ዋስ አይደለም ልል ነበር። ምንጩን ይከለክሉናል ብዬ ዝም አልሁ። ቄሱ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ እኔ ወደ መሬት። ሦስታችንም እጅ ነሥተን ወረድን።

ለሸማኔው የነገርሁት እኔ ነኝ። ሰምቶኝ ሲያበቃ ከምሽጉ ተነሥቶ በምንጩ ላይ አልፎ እስከ መንገዱ የተዘረጋውን የጣልያን የስልክ ሽቦ በዓይኑ ተከተለ። ወታደሮቹ ቃላቸውን ጠበቁ። ሴቶቹ በሰላም ቀዱ፤ ልጄና ጓደኞቹ በየተራ ወረዱ። ሸማኔው ግን ተራ ሳይኖረው በየጠዋቱ ይወርድ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ክር እያጠነጠነ፣ ዓይኑ ከሽቦው ላይ።

አንድ ቀን፣ «አያ፣ ያ ወረቀት ይመለሳል?» አለኝ።

«ምን ታደርገዋለህ?»

«እኔ አንድ ክንድ ጨርቅ ነበር የሰጠኋቸው፤ እነሱ ጋቢ ቆረጡበት።»

«ቃሉን የሰጠ ሰው ምን ያስፈራዋል?» አልሁት። ያን ጊዜ ለሰው የምመልሰው እንዲህ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ከጮቄ ተራራ የወረዱ አርበኞች ሽቦውን ቆረጡት። ጠዋት ሴቶቹ ሲወርዱ ሽቦው ምንጩ ውስጥ ወድቆ አገኙት፤ አንዲቷም ሳትቀዳ ተመለሱ። ሸማኔው በአጥሩ በኩል ጠራኝ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«አያ፣ ልሽሽ?»

የመለስሁለትን ቃል ሳልለውጥ እጽፋለሁ። «ብትሸሽ ልጆቹ ይያዛሉ» አልሁት። እውነት ነው። ነገር ግን ዋስ የሆንህላቸውን ሁለቱንም ልጆች ይዘህ ሽሽ ማለት ይቻል ነበር። ልጄ ቢሸሽ የሚወረሱት እርሻዬና ከብቴ ትዝ አሉኝ፤ ልጄም ከሄደ አይመለስም ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ግማሹን እውነት ነግሬ ግማሹን አስቀረሁ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ስለ ውሸት ገሥጬአለሁ።

ሸማኔው፣ «እንግዲያው የጀመርሁትን ሸማ ልጨርስ» ብሎ ገባ። እግሩን ከሽመናው ጉድጓድ አስገብቶ ሲሠራ በአጥሩ ማዶ እሰማው ነበር። ወታደሮቹ ሲደርሱ ድምፁ ቆመ።

ልጄ ማሳ ውሎ ሲመለስ የሸማኔው ሚስት ምን እንዳልሁት ነገረችው። በሩ ላይ ቆሞ፣ «እውነት ነው፣ አባቴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነት ነው አልሁት። እህል ሳይቀምስ ወጣ።

ሂሳቡን ለልጆቼ እንዲህ አስቀምጣለሁ። ሸማኔውን ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ሚስቱ አራት ልጆቿን ይዛ ወደ ሉማሜ ተሰደደች። ከምንጩ አጠገብ ያሉ ሰባት ቤቶች ተቃጠሉ፤ የመበለቲቱ ቤት አንዱ ነበር። ምንጩ በእሾህ ሽቦ ታጠረ፤ ጣልያን እስኪወጣ ሴቶቹ ገደሉን እየወረዱ ከወንዝ ቀዱ፤ ሁለቱ ከነእንስራቸው ወድቀው ሞቱ። ልጄ ከአርበኞቹ ጋር ጮቄ ገባ፤ መሞቱን የነገረኝ ሰው ከጎኑ የነበረ ነው። ድምሩ አራት ነፍስ፣ ሰባት ቤት፣ አንድ ቤተሰብ ከነልጆቹ።