የአማቴ አልማዝ ቢጫ መሆን

አማቴ አንድ የአልማዝ ቀለበት አላቸው። ቡታጅራ ውስጥ ሌላ አልማዝ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ገቢዎች ነው የምሠራው፣ እስካሁን መጥቶ ያስመዘገበ የለም። ይሄኛውን የባለቤቴ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መርካቶ ሲነግዱ ዕቃውን ሸጦ ከሀገር ከሚወጣ አንድ ፈረንጅ ገዝተው፣ የበኩር ልጃቸው ሲወለድ ለሚስታቸው አደረጉላቸው። የበኩሩ ልጅ ባሌ ነው። ስለዚህ ቀለበቱና ባሌ በዚህ ቤት እኩል ዕድሜ አላቸው። የትኛው ይበልጥ እንደሚወደድ ጠይቄ አላውቅም።

እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። በሥራ ተመድቤ መጣሁ፣ አገባሁ፣ ከአማቴ ጋር በአንድ ግቢ እንኖራለን። እውነቱን ለመናገር አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም። ስታመም አጥሚት ይዘውልኝ የሚመጡት እሳቸው ናቸው። ለዘመድ ሁሉ «ምራቴ አትበሉ፣ ልጄ ናት» ይሉ ነበር፤ እኔም እናቴ ሩቅ ስለሆነች ይህችን ቃል እወዳት ነበር። ከመስቀል በፊት የነበረውን ነው የማወራው።

መስቀል ሲደርስ አዲስ አበባ ያለው የቤቱ ልጅ ሁሉ ይመጣል፤ ክትፎውን በቅቤ የሚያሹት ደግሞ አማቴ ናቸው። ሌላ ሰው አያስነኩም። ቅቤው ቅመም የገባበት፣ ቢጫ ነው። እጃቸው እስከ አንጓው ድረስ ይገባበታል፣ ቀለበቱም አብሮ። «አውልቁት» ሲባሉ «ባሌ ያደረገልኝን ለክትፎ ብዬ አላወልቅም» ይላሉ። አልማዝ ደግሞ ቅባት ይይዛል፤ ፈርጡ በጀርባው በኩል ቅቤውን ጠጥቶ ጠጥቶ፣ በዓሉ ሲያልፍ የታኘከ ከረሜላ ሆኖ ተገኘ።

«ምነው ይሄ ነገር ደበዘዘብኝ?» አሉ አማቴ።

«ይስጡኝ እማዬ፣ እኔ አጥብልዎታለሁ» አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ወደ ቤቴ ወስጄ በሞቀ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጌ፣ አጥቤ፣ አድርቄ መለስኩላቸው። ያበራ ነበር። ምስጋና እየጠበቅሁ ቆምኩ። አማቴ ወደ በሩ ብርሃን ወስደው አገላበጡት።

«ቢጫ ነው» አሉ።

«ያው እንደ ድሮው ነው እማዬ።»

«የኔ ነጭ ነበር» አሉና ጣታቸው ላይ አጠለቁት።

እኔም መጀመሪያ አልገባኝም። ቢሮ ደርሼ አንዱን ነጋዴ «ይሄ ደረሰኝ ያንተ አይደለም» ስለው ነው የገባኝ። የኔ ነጭ ነበር ማለት፣ ይሄ የኔ አይደለም ማለት ነው። ቀለበቱ ያደረው ደግሞ እኔ ዘንድ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ፊት ለፊት አልተናገሩኝም። ሲናገሩ የምሰማው ድመቷን ነው። ድመቷ ወጥ ቤት በገባች ቁጥር «የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ!» ይሏታል። ድመቷ ምንም አልወሰደችም። በዚያ ሰሞን በማታውቀው ነገር ብዙ ተሰደበች፤ እኔም እሷም ዝም ብለን ቻልነው። እህታቸው ከቡኢ ሲመጡ ደግሞ በጉራጌኛ ያወራሉ፣ እኔ ስገባ ወሬው በአማርኛ፣ ስለ ዝናብ ይሆናል። ጥቅምት ላይ ስለ ዝናብ! «ልጄ ናት» የምትለዋም ቃል ቀረች። ለእንግዳ «የልጄ ሚስት ናት» ተባልኩ።

ይሄን ሁሉ ችዬ ነበር። ያልቻልኩት ባሌን ነው። አንድ ቀን ሽንኩርት ስልጥ አጠገቤ መጥቶ ቆመና «ምናልባት ስታጥቢው በስህተት ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ ይሆን?» አለኝ።

«ከየትኛው ሌላ አልማዝ ጋር?»

አሰበበት። ከዚያ ሱቁን ሊከፍት ሄደ። አለቀስኩ። ሽንኩርት እየላጥኩ ስለነበር ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም።

ያኔ ነው አልማዙን የማስቆረጥ ሐሳብ የመጣው። ቢሮ አንዷ ባልደረባዬ፣ እህቷ ዱባይ ያለች፣ «እዚያ እኮ አልማዝን እንደገና ይቆርጡትና ነጭ ያደርጉታል» አለችኝ። ደስ አለኝ። ነጭ ከሆነ ሌላ ምን ቀረ? ሌባም ብሆን ነጭ አልማዝ የመለስኩ ሌባ እሆናለሁ። ለአማቴ ነገርኳቸው፣ ተስማሙ፤ ግን ቀለበቱን ራሳቸው ሊይዙት፣ አብረውኝም ሊሄዱ። በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ከቡታጅራ አዲስ አበባ ድረስ፣ ሚኒባሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ቋጠሮውን ይዳብሳሉ፤ ቀጥለው እኔን ያዩኛል።

ፒያሳ ያገኘነው ባለ ወርቅ ቤት ትሁት ሰው ነበር። ማጉያውን ዓይኑ ላይ ተክሎ ብዙ ካየ በኋላ «ይሄ የጥንት አቆራረጥ ነው፤ ዛሬ እንዲህ አድርጎ የሚቆርጥ የለም። የት አገኛችሁት?» አለ።

ተመስገን አልኩ በልቤ። የጥንት ከሆነ ያው የጥንቱ ነው ማለት ነው፤ እኔ ከየት አምጥቼ የጥንት አልማዝ እለውጣለሁ? ወደ አማቴ ዞርኩ።

«የኔ አዲስ ነበር» አሉ አማቴ። «ባሌ አዲስ ነው ብሎ ነው የሰጠኝ።»

ሰውየው እኔን አየኝ፣ እኔ መሬቱን አየሁ። «እሺ፣ ቢቆረጥ ቢጫነቱ ይለቃል?» አልኩት።

«አይለቅም» አለ። «ቀለሙ ውስጡ ነው፤ ልብስ አይደል ቀለም የሚለቀው። ግን ይሄ ወፍራም ነው፣ ብርሃኑን ውስጡ ያስቀረዋል። በአሁኑ አቆራረጥ ቢቆረጥ ብርሃኑን መልሶ ወደ ላይ ይተፋዋል፤ ከላይ ለሚያየው ነጣ ይላል። ገልብጣችሁ በጎኑ ካያችሁት ግን ያው ነው። ደግሞ የታሰረበት ወርቅ ቢጫ ስለሆነ ቀለሙን ያሞቀዋል፤ በነጭ ወርቅ ቢታሰር ያግዛል።»

«ሌላ ጉዳት የለውም?»

«ያንሳል። ተቆርጦ እንዴት አያንስ? ለመቁረጥም ውጭ ሀገር ነው የሚላከው።»

ቆሜ አሰላሁት። ፈርጡ ያንሳል፣ ወርቁ ይለወጣል፣ ውጭ ሀገር ደርሶ ይመጣል። አሁን የምጠረጠረው በቀለሙ ብቻ ነው፤ ያኔ በመጠኑም፣ በወርቁም፣ በመንገዱም ልጠረጠር ነው። አማቴ ደግሞ ገልብጠው የሚያዩ ሰው ናቸው። ሽሮ ሲገዙ እንኳ የከረጢቱን ታች ነው የሚያዩት።

«እስቲ ነጩን አሳየኝ» አሉት አማቴ። «ነጭ የምትሉት እንዴት ያለ ነው?»

ሰውየው ከመስታወቱ ሥር አንድ አወጣ። ዓይን ይወጋል፣ ውሃ ነው የሚመስለው። አማቴ አዩት። «ይሄም ቢጫ ነው» አሉ። ሁለተኛ አወጣ። «ይሄም።» ሰውየው ትንሽ ቅር አለው፤ ቤቱ ውስጥ ያለውን ምርጡን አውጥቶ ደረደረው። አማቴ አንድ በአንድ እያነሱ መልሰው አስቀመጡ። «የፒያሳ አልማዝ ሁሉ ቢጫ ነው» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ሰውየውን ቀና ብለው አዩና አዘኑለት። «ልጄ፣ አላገባህም እንዴ? ሸሚዝህን በደንብ የሚያጥብልህ የለም?»

ሸሚዙን አየሁት። ከፌስታል የወጣ አዲስ፣ ወተት የመሰለ ነጭ ሸሚዝ ነው።

ወይ ጉድ! ዞሬ አማቴን ዓይናቸውን አየኋቸው። ከመስቀል ወዲህ ቀና ብዬ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ የሚጠረጥርሽን ሰው ዓይኑን አታዪም። ብሌናቸው ላይ ጉም ተኝቷል። ሞራ! የዓይን ሞራ ነው! ባለ ወርቅ ቤቱን አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም። «ፈርጡ ይቆይ፣ መጀመሪያ ዓይናቸው ይታይ» አልኩትና ወጣን።

በመንገድ ሁሉ አስረዳኋቸው። አልተቀበሉኝም። «ሞራ ካለብኝ ነጠላዬ ለምን ቢጫ አልሆነብኝም?» አሉኝ።

«ምን ዓይነት ነው የሚታይዎት?»

«ነጭ ነዋ። ነጠላ አይደል?»

ተውኩት። ቡታጅራ እንደገባን በማግስቱ ዓይን ሕክምና ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ገና ሲያያቸው ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አለ። ባሌንም ሱቁን አዘግቼ ጎትቼ አምጥቼው ነበር። «ዶክተር፣ ሞራ ነገሩን ሁሉ ቢጫ ያደርጋል አይደል?» አልኩት። «አዎ፣ ያደርጋል» አለ። ባሌ እንዲሰማ እንደገና ጠየቅሁት፣ እንደገና መለሰልኝ። ባሌ ራሱን ነቀነቀ። ልቤ ጢም አለ።

መጀመሪያ አንደኛው ዓይናቸው ብቻ ሊሠራ ተቀጠረ። በቀዶ ጥገናው ቀን ነርሷ ጌጥ አውልቁ አለች። አብሬያቸው የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። አማቴ ቀለበቱን በግድ ከጣታቸው አወጡት፣ ወደ ነርሷ አዩ፣ ወደ ግድግዳው አዩ፣ ከዚያ መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ዓይኔ እንባ ሞላ። አመኑኝ አልኩ። ቀለበቱን ጨብጬ በራፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ውሃ ልጠጣ እንኳ አልተነሳሁም።

በማግስቱ ፋሻው ተነሳ። ቤት ስንገባ ጎረቤቱ ዳቦና ሙዝ ይዞ ሞልቶ ነበር፤ እህታቸውም ከቡኢ መጥተዋል። አማቴ ሁሉንም እንደ አዲስ ያያሉ። «ይሄ ግድግዳ እንዲህ ነጭ ነው እንዴ?» ይላሉ። ይሄን ሲሉ ደስታዬን አልችለው ብዬ ቀለበቱን አወጣሁና ሰው ሁሉ እያየ ሰጠኋቸው።

ወደ ብርሃኑ ወሰዱት። አገላበጡት።

«እሰይ!» አሉ። «እሰይ! ነጩ! የኔው ነው፣ የኔው!»

እልልታው ቀለጠ። አማቴ አንገቴን አቅፈው ግንባሬን ሳሙኝ፣ እያለቀሱ። «ልጄ» አሉኝ፤ ከመስቀል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ልጄ፣ መለስሽልኝ። ሰው ይሳሳታል። ቁም ነገሩ መመለሱ ነው። አላልኳችሁም? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

እልልታው እንደገና ቀለጠ።

«እማዬ፣ እኔ አልለወጥኩትም!» አልኩ። «ሞራው ነው! ሐኪሙ ራሱ ነግሮዎት የለም?»

«ሐኪሙ ጨዋ ልጅ ነው» አሉ በፍቅር። «ሊሸፍንልሽ ነው።»

«እስቲ ያልተሠራውን ዓይንዎን ብቻ ገልጠው ይዩት፣ ይሄኛውን በእጅዎ ሸፍነው...»

«የተሠራውን አትንኩ ተብያለሁ። በቃ፣ ይቅር ብያለሁ ብያለሁ።» ግራ እጄን ያዙና ቀለበቱን ጣቴ ላይ አጠለቁት። ልክ ነበር። «ከእንግዲህ ያንቺ ነው። ሰው የራሱን አይሰርቅም።»

እህታቸው መረቁኝ። ጎረቤቱ ሁሉ እየተነሳ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። ምን ልበል? እጄን እየሰጠሁ አሜን፣ አሜን አልኩ። በንዴት ጆሮዬ ይግል ነበር።

እንግዳው ሲሸኝ ወጥ ቤት ገብቼ ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ። ባሌ ተከትሎኝ ገባ። ከሳምንታት በኋላ ፊቱ ፈክቷል። ትከሻዬን ዳበስ አደረገኝ። ሐኪሙ ሲናገር አጠገቤ ቆሞ የሰማ ሰው ነው፤ እሱ እንኳ እውነቱን ያውቃል ብዬ ልደገፈው ዘንበል አልኩ።

«አይክፋሽ፣ አለፈ» አለኝ በሹክሹክታ። «ግን ለመሆኑ የት ደብቀሽው ነበር?»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። «ጤፍ ጆንያው ውስጥ» አልኩት፣ ንዴት አፌን ይዞኝ።

ጥግ ላይ ወደቆመው ጆንያ ዞሮ አየ።

«ጆንያውን እኮ ፈትሼው ነበር» አለኝ ግራ ገብቶት።