እግድ የተጣለበት ሣር

አባቴ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ያረጀ ሰው ነው። ጠበቃም ዳኛም አልነበረም፤ ባለጉዳይ ነበር። አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከወጣ ወዲህማ ጭራሽ ባሰበት፤ ከችሎት የለቀማቸው ቃላት አምቦ ቤታችን ውስጥ ከእኛ ጋር አብረው አደጉ። በርጩማው ላይ ተቀምጬ ካገኘኝ «ሁከት ይወገድልኝ!» ይላል። እናቴ በበኩሏ እንጨት ፍለጥልኝ ብላው ካልተነሳ «የማይንቀሳቀስ ንብረት» ብላ ትተወዋለች።

ክርክሩ ከጎረቤታችን ጋር ነበር። በሁለቱ ግቢ መካከል ያለችው፣ ጥጃ የምትታሰርባት ሣር የማን ይዞታ ናት ነው ነገሩ። ጎረቤታችን አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ የሚያወሩ፣ ሳቂታ ሽማግሌ ነበሩ። በቀጠሮ ቀን ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ዝናብ ከመጣም በአንድ ጃንጥላ። ችሎት ፊት አንዱ ሌላውን «ወሰን ገፊ» ሲለው ይውልና ሲመለሱ ጠጅ ቤት ጎራ ይላሉ።

በመጨረሻ አባቴ አመልክቶ እግድ አስወጣ። ነገሩ እስኪቆረጥ ድረስ እዚያች ሣር ላይ ማንም ምሰሶ እንዳይተክል ተባለ። የዚያን ዕለት የአባቴ ደስታ ልክ አልነበረውም።

በዚያው ሰሞን እኔ ታጨሁ። የሙሽራው ወገኖች ከባኮ መጥተው፣ ቀን ቆርጠው እንደሄዱ እናቴ ግቢውን ዞራ አየችና «ዳሱስ የት ሊተከል ነው?» አለች። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ዳስ የምትችለው ያቺው ሣር ብቻ ናት። 

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች እናቴ፣ ወደ አባቴ ሳታይ።

«ሠርጉ ይዘግይ» አለ።

የተቆረጠ ቀን መግፋት የሙሽራውን ወገን መናቅ ነው፤ ተቀይመው ቢቀሩ ማንም አይፈርድባቸውም። እኔ ደግሞ ልጁን ወድጄዋለሁ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ለቅሶዬ አጥር ተሻግሮ ኖሯል። በማግስቱ ጎረቤታችን ወንዶች ልጆቻቸውን ምሰሶ አሸክመው ከተፍ አሉ።

«ዳሱን እኔ እተክላለሁ። በመሬቴ ላይ።»

«እግድ አለ እኮ፣ ኦቦ!» አለ አባቴ።

«እግዱን ያስወጡት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ካልከሰሱኝ ማን ይከሰኛል? ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያለ ዳስ አትዳርም።»

አባቴ ብዙ አሰበና «መብቴ እንደተጠበቀ ሆኖ» አለ።

በሠርጉ ዕለት ጎረቤታችን ዳሱ በር ላይ ቆመው እንግዳ ተቀበሉ፤ አባቴንም ጭምር። «ይግቡ፣ ይግቡ፣ እንግዳ ደጅ አይቆምም» አሉት። እሱም መሬቱ የሳቸው ነው ብሎ እንዳመነ እንዳይቆጠርበት «እግዜር ይስጥልኝ» ሳይል ተኮሳትሮ ገባ። በሳቅ ልሞት ነበር፤ ሙሽራ ግን አይስቅም።

መሄጃዬ ሲደርስ የእናቴንና የአባቴን ጉልበት ስሜ ወደ ጎረቤታችን ዞርኩ። ጎንበስ ስል ሽማግሌው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ያን ሁሉ ዓመት ባላጋራ ስንላቸው የኖርን ሰዎች ነን፤ ልቤ ተሰበረ።

አባቴ ትከሻቸውን ያዝ አደረገና ገሰጻቸው።

«ይተዉ እንጂ ኦቦ፣ መሬቱን አያርጥቡብኝ። እግድ አለበት።»

ይህን ሲል የራሱ እንባ ከጢሙ እየወረደ ሣሩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።