በሙክት የተገዛው ብረት

ባለፈው ቅዳሜ የደነዙብኝን ሁለት ቢላዋዎች በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ደብረ ብርሃን ገበያ ዳር ቢላዋ ከሚስል ሰው ዘንድ ሄድኩ። ወረፋ መጠበቅ አልችልበትም፤ እንደ ልማዴ እየተቁነጠነጥኩ ስንጎራደድ የጋለ ብረት ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ዞር አልኩ። ሰውየው በግራ እጁ እጀታ ያዞራል፣ በቀኙ ቢላዋውን ከሚሽከረከር ድንጋይ ላይ ያስነካል። ብረቱን ሳየው ወረፋዬን ትቼ ተጠጋሁ፤ የጠረጴዛ ጠርዝ ነክሶ የሚይዘው እግሩ፣ ጥርሳሙ መዘውር፣ ሁሉም ያው የማውቀው ነው። «ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት። «መሳያ ነዋ፣ እትዬ!» አለኝ፣ ቢላዋ ይዛ መጥታ ደግሞ ይህን ትጠይቃለች በሚል ዓይን እያየኝ።

እኛ ቤት ግን መፍተያ ነበር።

አገሬ መንዝ፣ ከቀየት ወጣ ያለች መንደር ናት። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ የምታሳድገኝ የበግ ፀጉር እየፈተለች ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሰዎች በመሸጥ ነበር፤ እንዝርት ሲያሾር የኖረው ቀኝ እጇ ግን አንጓው ላይ አብጦ፣ ብርድ በበረታ ቁጥር ጣቶቿ አልታዘዝ ማለት ጀምረው ነበር። አንድ ዓመት በደብራችን ንግሥ ዕለት፣ በስለት የገባው ዕቃ እንደ ወጉ ለጨረታ ሲቀርብ፣ ከጃንጥላውና ከምንጣፉ መሀል ይህንኑ የሚመስል፣ ድንጋዩ የወለቀ ብረት ብቅ አለ። አጫራቹ መሪጌታ ለአሮጌ ጃንጥላ እንኳ የሚያማምር ቃል የማያጡ ሰው ነበሩ፤ ይህን ግን አገላብጠው አገላብጠው «ምእመናን፣ ይህ እንግዲህ… ብረት ነው!» ከማለት አላለፉም። ሕዝቡ መገመት ያዘ። ወታደር የነበሩ አንድ ሽማግሌ የጦር ሜዳ ስልክ ነው ብለው ማሉ፤ አንዱ ዲያቆን ሥጋ መፍጫ ነው አለ፤ ሌላው ቅቤ መናጫ። እኔ ሳልነካ ማለፍ አይሆንልኝምና በሰው መሀል ሹልክ ብዬ እጀታውን አንዴ ባዞረው፣ ጫፉ ላይ ያለው ዘንግ ሽው ብሎ ሾረ። እናቴ ያን አየች። «መፍተያ ነው!» አለች ጮክ ብላ፤ ለፋሲካ ያደለበችውን ሙክት ሰጥታም ወሰደችው።

መንደሩ ሳቀብን። ክር ካልወጣው ሙክቱም ቀረ፣ እጇም እንደታመመ ቀረ። እንዝርቷን ከዘንጉ ጋር በጠፍር አሰረችው፤ እኔ አዞራለሁ፣ እሷ ፊት ለፊት ተቀምጣ በሁለት እጇ ፀጉሩን ትመዛለች። ክሩ ይበጠሳል። እንደገና እንጀምራለን፣ ይበጠሳል፤ እኔ ቀስ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። «ቀስ በይ፣ አንቺ ልጅ! ማን እያባረረሽ ነው?» ትለኛለች። ሁዳዴ ሳይጋመስ ግን እጄ ልክ አገኘ፣ ክሩም ቀጭንና እኩል ሆኖ እየተጠቀለለ መጣ። የሳቁት ሁሉ ሊያዩ መጡ። አንድ ገጽ ዳዊት እስክደግም መቀመጥ ያቃተኝ ልጅ ቀኑን ሙሉ ስዘውር እውል ነበር፤ የእናቴ አንጓም እብጠቱ ጎደለለት።

ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ ለትምህርት መሐል ሜዳ ከተማ ገባሁ። በየበዓሉ ስመጣ ገና ከደጅ «ማን ያዞርልሻል?» እላለሁ። «የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይሻማበታል» ትለኛለች፣ እጆቿን ከጋቢዋ ሥር እንዳደረገች። እኔም አምኜ፣ ያቀረበችልኝን ጎርሼ፣ መኪናው እንዳያመልጠኝ መቁነጥነጥ እጀምራለሁ። አራት ዓመት እንዲህ አለፈ።

እናቴ ያረፈች ጊዜ ነው ጎረቤታችን እትዬ ደብሪቱ ለቅሶው መሀል ጎትተው ያስቀመጡኝ። «ልጄ፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ያን ብረት የነካው የለም። ልጁ ሁሉ ከብት ላይ ነው፤ ማን ያዞርላት? በዚያው በእጇ ነው የፈተለችው። ብትሰሚ ትምህርቱን ጥለሽ ትመጫለሽ ብላ ስለፈራች እኛንም አስማለችን» አሉኝ።

ብረቱን ማን እንደወሰደው አላውቅም፤ ቤቱም ፈርሷል። እኔ አራት ዓመት ሙሉ የእናቴን እጅ ያሳረፍኩ መስሎኝ ስኮራ ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ አጠገቧ ረጋ ብዬ ተቀምጬ ጋቢዋን ገለጥ አድርጌ እጇን አላየሁትም።