ፊቱን አዙሮ የሚበላ ሰው

ክፍሉ ንጹሕ ነበር። መጀመሪያ ያስፈራኝም ንጽሕናው ነው። ሀገር ቤት የታሰርኩበት ክፍል ይሸታል፤ ግድግዳው ላይ ስም ተጭሯል፤ ሰው ከሰው ተደራርቦ ይተኛል። አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ያለው ግን ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ተደራራቢ የብረት አልጋ፣ የብረት ሽንት ቤት፣ ክንድ የማያሳልፍ መስኮት ያለው ነበር። በመስኮቱ በረዶ ይታያል። በረዶው ሲወርድ ድምፅ የለውም። በሩ ሲዘጋ ግን አለው።

አሜሪካ የገባሁት በሰው ፓስፖርት ነው። ኤርፖርት ላይ እውነቱን ተናገርኩና ጥገኝነት ጠየቅሁ። ፍርድ ቤት እስክትቀርብ እዚህ ትቆያለህ አሉኝ። አስተርጓሚው በስልክ፣ «እስረኛ አይደለህም፤ መቆየት ብቻ ነው» አለኝ። ያለበሱኝ ልብስ ግን የእስረኛ ነበር።

ታችኛው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ቀጭን ናቸው፤ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። አዩኝና በአማርኛ፣ «ግባ፣ ቤት ለእንግዳ ነው» አሉ። «ወንበር ስለሌለ ግን ይቅርታ።»

አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር ከቤታቸው አውጥተው በአውቶቡስ ድንበር አሻገሯቸው። ከዚያ እንዴት እዚህ እንደደረሱ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም የኔን አልጠየቁም።

«ሀገሮቻችን ይዋጋሉ» አሉኝ። «እኛን ደግሞ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች አስተኙን።»

«ጋሼ፣ ላይኛው የኔ ነው። አሸንፌያለሁ ማለት ነው።»

«ገና ነው። ከታች ያለ ሰው በእግሩ ይመታል።»

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያኔ ይመስለኛል።

የምንበላው በረንዳ በሚመስል አዳራሽ ውስጥ፣ መሬት ላይ በተቸነከረ የብረት ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ትሪ አለው። ጋሼ ያስላሉ። ነርሷ መርምራቸዋለች፤ አስም ነው፣ ሳንባዎ ንጹሕ ነው ብላቸዋለች። ድዳቸው ግን ይደማል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሳሉና አፋቸውን ሲጠርጉ ሶፍቱ ቀይ ሆነ። አንገቱን የተነቀሰ አንድ አሜሪካዊ ወጣት አየ። ትሪውን አንሥቶ ራቅ አለ።

«ሄይ፣ ቫምፓየር!» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዱ አንገቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጋሼም አብረው ሳቁ። ከዚያ ትሪያቸውን ይዘው ወደ ክፍላችን ገቡ። ተከትያቸው ስገባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይበላሉ።

ትሪዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

በማግሥቱም እዚያው በሉ። በሚቀጥለውም ቀን። የመጻሕፍት ጋሪው ሲመጣ ሽፋኑ የተቀደደ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ መረጡ።

«በማላውቀው ስም አልጠራም» አሉ። «ቫምፓየር ማን እንደሆነ ልወቅ።»

ከሰዓት በኋላ እያነበቡ ወደ አማርኛ ይመልሱልኝ ነበር። እኔ ከላይ ተኝቼ እሰማለሁ። ቫምፓየሩ ባላባት ነው። ኮረብታ ላይ የድንጋይ ቤት አለው። ሞቷል፤ ግን ከመቃብር እየወጣ የሰው ደም ይጠጣል።

«የጭሰኛ ደም መምጠጥ እኛም ሀገር ነበር» አሉ ጋሼ። «ይሄኛው በጥርሱ መሆኑ ነው ልዩነቱ።»

«ሌላስ?»

«ካልጋበዙት ቤት አይገባም።»

«ጨዋ ነዋ!»

«መስተዋትም አያሳየውም።»

የእኛ ክፍል መስተዋት የተወለወለ ብረት ነው። ተነሥቼ አየሁት። «ጋሼ፣ ይሄ እኔንም አያሳየኝም» አልኩ። ስቀው ስቀው ሳላቸው ተነሣ።

ታሪኩ ካለቀ በኋላ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የጸሐፊው ማስታወሻ ነበረ። እሱንም አነበቡልኝ። ባላባቱና የድንጋይ ቤቱ ኋላ የመጡ የደራሲ ፈጠራ ናቸው ይላል። ነገሩ የተወለደው ድሃ መንደር ውስጥ ነው። አንድ ቤት ውስጥ አንድ ሰው እየሳለ ይሞታል። ቀጥሎ እኅቱ ትስላለች። ቀጥሎ እናቱ። በሽታ በትንፋሽ እንደሚተላለፍ አያውቁም። ስለዚህ መጀመሪያ የሞተው እየተነሣ ይበላቸዋል ይላሉ። መቃብሩን ሲከፍቱ አፉ ላይ ደም ያያሉ፤ ጥፍሩም ያደገ ይመስላቸዋል። ሬሳ ሁሉ እንደዚያ እንደሚሆን አልገባቸውም። ጠግቧል ብለው ልቡን አውጥተው ያቃጥሉታል።

«ተመልከት» አሉ ጋሼ፣ «ገበሬዎቹ ባላባት ነው አላሉም። የገዛ ጎረቤታቸውን ነው ያሉት።»

«ጋሼ፣ ይበቃል።»

«ፈራህ እንዴ?»

«ይሄ ወንድሜ ነው» አልኩ።

መጽሐፉን ዘጉት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ከላይ ሆኜ፣ ጣሪያውን እያየሁ ነገርኳቸው።

እኔና ታላቅ ወንድሜ አብረን ነው የታሰርነው፣ ወረቀት በትናችኋል ተብለን። እናታችን ሸክላ ሠሪ ናት። እስረኞቹ የማን ልጆች ናችሁ ሲሉን ወንድሜ ሳይደብቅ ተናገረ። ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው የታሰሩ ሰዎች ናቸው፤ ምን ይፈራል? ትንሽ ቆይቶ ማሳል ጀመረ። ቀጥሎ አጠገቡ የሚተኛው ሳለ። ቀጥሎ ሌላ ሰው በትኩሳት ወደቀ። ጨርቅ አቃጥለው አጠኑት፣ «ማን በላህ?» እያሉ። ሰውየው በጭሱ መሃል ዓይኑን አንከራተተና፣ «ያ፣ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ» አለ።

ቡዳ የሚለውን ቃል ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም። ማንም አልመታውም። «ስንበላ ዞር በልልን፣ ወንድም» ነው ያሉት፣ በትሕትና። ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በላ። ሳህኔን ይዤ ስሄድ መለሰኝ። «አትምጣ» አለኝ። «አንተ ከታመምክ የገዛ ወንድሙን በላ ይሉኛል።» አንድ ጠዋት እንደዞረ ቀረ።

ጋሼ መጽሐፉን ትራሳቸው ሥር ከተቱ። ከዚያ፣ «አፉ ላይ ደም ነበር?» አሉ።

«ነበር።»

«ከሳንባው ነው፣ የኔ ልጅ። የራሱ ደም ነው።»

በማግሥቱ ምሳ ላይ ጋሼ ትሪያቸውን ይዘው ሲነሡ እጅጌያቸውን ያዝኩ።

«እዚህ ይብሉ።»

«ተወኝ ባክህ። ሰው ይጸየፋል።»

«ይጸየፍ።»

የሰጡን ነጭ ዳቦና ቀይ ባቄላ ነበር። ዳቦውን ቆረስኩና ባቄላውን ጠቅልዬ ወደ አፋቸው ዘረጋሁ። ወንድሜን ሳላጎርስበት የቀረሁት እጅ ነው።

«በሞቴ፣ ጋሼ።»

አዩኝ። አፋቸውን ከፈቱ። ጠባቂው ከወንበሩ ሆኖ፣ «ኖ ሼሪንግ!» ብሎ ጮኸ። ከሰው ጋር ምግብ መካፈል ክልክል ነው። ጋሼ አላምጠው ዋጡ። ከዚያ ከራሳቸው ትሪ ዳቦ ቆረሱ።

«ጋሼ፣ ይቆልፉብናል።»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉ። «የሀገሮቻችን ጠብ ይበቃል።» አጎረሱኝ። ጣታቸው ከንፈሬን ነካው።

ንቅሳታሙ ልጅ አፉን ከፍቶ ያየናል። «ይሄ ሃይማኖት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ምሳ ነው» አሉት፣ በጥሩ እንግሊዝኛ።

ትሪውን ወደኛ አላስጠጋም። በዚያ ስም ግን ዳግም አልጠራቸውም።

ከሰዓቱን ተቆልፎብን ዋልን። ተጋድሜ ሳለሁ አልጋዬ ከሥር በእግር ተመታ። አንዴ፣ ቀስ ብሎ።

«አሸነፍኩ» አሉ ጋሼ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። ወዴት እንደሆነ የነገረኝ የለም። መጽሐፉን ትራሴ ላይ ትተውልኛል።

አሁን የምኖረው እዚያው አካባቢ፣ ሆፕኪንስ የምትባል ከተማ ነው፤ አግብቼ ወልጃለሁ። ባለፈው ሃሎዊን፣ ልጆች የሚያስፈራ ልብስ በሚለብሱበት በዓል፣ ልጄ የፕላስቲክ ጥርስ አድርጋ፣ ጥቁር ጨርቅ ለብሳ መጣች። «አይ አም ኧ ቫምፓየር፣ ዳዲ» አለችኝ። እራት ላይ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቫምፓየር ከሰው ጋር አይበላም አለች፣ ትምህርት ቤት ማን እንደነገራት እንጃ። እሷን እንደተቀመጠች ከነወንበሯ አንሥቼ ወደ ጠረጴዛው መለስኳት።

«ጥርስሽን አውጪና አፍሽን ክፈቺ» አልኳት። አጎረስኳት።

«ዋን ሞር» አለች፣ ሌላ ጉርሻ ፈልጋ። አንድ እንደሚያጣላ ማንም አልነገራትም።

የወንድሜን ፎቶ የሰቀልኩት ከምግብ ጠረጴዛው ፊት ለፊት ነው። ስንበላ ያየናል።