አባባ ወንበር

ሰው ማሞገስ አይሆንልኝም። በሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ዕድሜዬን የፈጀሁ ነርስ ነኝ፤ ምላሴ ማር ቢሆን ኖሮ ይሄንን ዋርድ ማን ቀጥ አድርጎ ይይዘው ነበር? ስለ ጋሼ ሳወራ ግን ድምፄ ቢለሰልስ አትታዘቡኝ።

ጋሼ የሆስፒታላችን ሶሻል ወርከር ነው። ሐኪሙ በሽታውን ሲያክም፣ እሱ በሽታው ቤት ውስጥ ያመሰቃቀለውን ሲያስተካክል ይውላል። ልጁን ሲያስታምም ከሥራው ሊባረር የደረሰ አባት ካለ አሠሪው ዘንድ ይደውላል፤ ማደሪያ ላጣች እናት ማደሪያ ያፈላልጋል፤ ክፉ ወሬ ሲመጣ ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ሆኖ ለቤተሰቡ ይናገራል። ጡረታ ሊወጣ ትንሽ ነው የቀረው፣ ጉልበቱም አስቸግሮታል። የዋርዱ ልጆች ግን ጋሼ አይሉትም፤ እነሱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሥልጠና ነው። የሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰድ ግድ ሆነበት። "በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ምን ሊያስተምሩኝ ነው?" እያለ ፊቱን አጨማድዶ ሄደ። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። አሠልጣኟ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ሴት ነበረች። "ክፉ ወሬ ቆማችሁ አትንገሩ" አለቻቸው፤ "ቁጭ በሉ፣ ዓይናችሁ ከዓይናቸው ይተካከል፣ የቸኮላችሁ አይምሰላቸው።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት በር ላይ ቆሜ ነው ሰው ሳስለቅስ የኖርኩት" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

በእኛ ዋርድ ደግሞ ትርፍ ወንበር የሚባል ነገር የለም። እሱም ከቢሮው አንዲት ታጣፊ ወንበር አውጥቶ በብብቱ ይዞ መዞር ጀመረ። ክፉ ወሬ ካለ ይዘረጋታል፣ ይቀመጣል፣ ዝግ ብሎ ይናገራል። እናቶቹም "ይሄ እንኳ ሰው ነው" ይሉለት ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ከልጆች ግን የሚያመልጥ ነገር የለም። ወንበሯ የተዘረጋችበት አልጋ አጠገብ ሁልጊዜ እናት ታለቅሳለች። ለደግ ወሬ ደግሞ ጋሼ አይቀመጥም፤ "ምርመራው ጥሩ ነው፣ እሰይ!" ብሎ ከበሩ ላይ እጁን አውለብልቦ ያልፋል። ውሎ አድሮ "አባባ ወንበር መጣ" ሲባል ልጆቹ ብርድ ልብስ ውስጥ መግባት ጀመሩ። አንድ ቀን ጉልበቱ አላስቆም ብሎት ቶንሲሉን የታከመ ልጅ አጠገብ ወንበሯ ላይ ትንሽ አረፍ ቢል፣ ልጁ "ምን ሆኛለሁ?" ብሎ ዋርዱን በጩኸት አናጋው። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ጋሼ ግን ቅስሙ ተሰበረ።

በዚህ መሃል ነው ያቺ ልጅ የመጣችው። ገና ፊደል መቁጠሯ ነበር፤ ወሬዋ አያልቅም፣ እግሯ አጥንት ላይ ክፉ ዕጢ ወጥቶባታል። ሕይወቷን ለማትረፍ እግሯ ከጉልበቷ በላይ መቆረጥ አለበት ተባለ። ብቻዋን የምታሳድጋት እናቷ ፈረመች። ከዚያ ግን "ለልጄ አንድ ቃል እንዳትነግሯት" አለችን። "ትተኛለች፣ ትነቃለች፤ ያኔ የምነግራትን እኔ አውቃለሁ።" ወደ ጋሼም ዞር ብላ፣ "አባቴ፣ እርስዎ ይግቡ፤ ይቺ ወንበር ግን በዚህ በር እንዳታልፍ" አለችው።

ጋሼ እንቅልፍ አጣ። "ሲስተር፣ ልጅቷ ነቅታ እግሯን ብታጣው፣ ከዚያ በኋላ እናቷን እንዴት ታምናለች?" ይለኛል ባገኘኝ ቁጥር። ቀዶ ጥገናው ደግሞ እየቀረበ ነው።

ያን ሰሞን የሥልጠናው ሁለተኛ ዙር ደረሰ። ጋሼ በባልደረቦቹ ሁሉ ፊት ተነስቶ፣ "የሰጣችሁኝ ትምህርት ልጆቼን አስበረገገብኝ" ብሎ ሁሉንም ዘረገፈው። አሠልጣኟ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። "ደግ ወሬ ሲነግሩስ ይቀመጣሉ?" ብላ ጠየቀችው።

"ኧረ ቆሜ ነው" አለ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለችው። "ያኔውኑ መንገር ነበረብኝ። ለደጉም ይቀመጡ። ለምንም ነገር ይቀመጡ።"

ከዚያ በኋላ ጋሼ የማይቀመጥበት ቦታ ጠፋ። ጣራው ላይ ስለምትውለው ድመት ለማውራት ይቀመጣል፤ ቀልድ ለመስማት ይቀመጣል፤ ተቀምጦም ያንቀላፋል፣ እኔ ነኝ የምቀሰቅሰው። ለአንዱ ልጅ ወንበሯን ዘርግቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ነገ ቤትህ ትገባለህ" አለው። ልጁ ወንበሯን አየ፣ ጋሼን አየ፣ "ተቀምጠህ ነው እንዴ የምትነግረኝ?" አለ ግራ ገብቶት።

ልጅቷ ክፍል ሲደርስ ግን ወንበሯን ደጅ አስቀመጠና አንገቱን ብቻ አስግጎ፣ "ወንበሬን ብርድ መታብኝ፤ ትግባ?" አላት። ልጅቷ ሳቀች፣ "ትግባ" አለች። እናትየው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ምን ልትነግረኝ ነው?" አለችው ልጅቷ ገና ሲቀመጥ።

"ምንም። ጉልበቴን አሞኝ ነው።"

በየቀኑ ሄደ። ስለ አስተማሪዋ ትነግረዋለች፤ እሱም ልጅ ሳለ ጨለማ እንዴት ይፈራ እንደነበር ይነግራታል። አንድ ቀን ትኩሳቷ መውረዱን ተቀምጦ ነገራት። እናትየው ይሄን ሁሉ ታይ ነበር። አንድ ከሰዓት ኮሪደር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

"እንዴት ተብሎ ነው የሚነገረው?" አለችው።

"እኔ ልንገራት፣ ልጄ። አንቺ አጠገቧ ሁኚላት።"

"አይሆንም። እናቷ እኔ ነኝ። ካቃተኝ ግን ይቀጥሉልኝ።"

ቢሮው ውስጥ አብረው ቃላቱን መረጡ። ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ ጋሼ ወንበሯን ዘረጋና እናትየውን አስቀመጠባት። እሱ ያንን ጉልበቱን እያቃሰተ አጥፎ፣ ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ጉሉኮሱን የማስተካክል መስዬ ቆሜያለሁ።

ልጅቷ ሦስታችንንም አየችን። "ዛሬ ክፉ ወሬ ነው አይደል?"

"አዎ፣ የእኔ እናት" አለች እናቷ። "ክፉ ነው። እግርሽ ውስጥ ያለው በሽታ አልድን አለ። አንቺን እንዲያተርፉልኝ ሐኪሞቹ ነገ እግርሽን ይቆርጡታል። ተኝተሽ ስለሆነ ሲቆረጥ አይሰማሽም። ስትነቂ ግን እግርሽ የለም። እኔ አጠገብሽ እሆናለሁ።"

ልጅቷ በብርድ ልብሱ ላይ እግሯን በእጇ ዳበሰችው። ከዚያ አለቀሰች፤ አንጀት የሚበላ ለቅሶ ነበር። ጋሼ ከመሬት አልተነሳም። እኔ ግን ለማባበል አፌን በልቶኝ ነበር፤ በዓይኑ ከለከለኝ።

ለቅሶዋ በረድ ሲልላት ወደ እናቷ ዞረች። "መቼ ነው ያወቅሽው?"

"እዚህ ከተኛን ጀምሮ።"

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

ልጅቷ እናቷን ትክ ብላ አየቻት። "ለምን አልነገርሽኝም? አብረን እንፈራ ነበር እኮ።"

እናትየው እስከዚያ ቀን ድረስ ልጇ ፊት አንዲት ዘለላ እንባ አውጥታ አታውቅም፤ ሽንት ቤት ገብታ ነበር የምታለቅሰው። ያን ዕለት ራሷን ልጇ ደረት ላይ ጥላ ተንሰቀሰቀች። ልጅቷም እያለቀሰች ፀጉሯን ትዳብስላት ጀመር።